የአደይና የመስቀል ወፍ ሰሞን፦ የዱር ወፍና የጫካ አበባ ለመመልከት የሚረዳ መመሪያ

በኢትዮጵያ ደጋ የዱር ወፍና የጫካ አበባ አንድ ላይ የሚደምቁበት ጊዜ አጭር ነው። ከመስከረም መባቻ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ድረስ ቢቆጠር ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ነው። በዘመን አቆጣጠሩ ክረምት መስከረም 25 ያበቃል፤ በማግስቱ መፀው ይገባል። ከተሜው ይህንኑ ወቅት «ጸደይ» ማለት ለምዷል፤ በጥንቱ አከፋፈል ግን ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን 40 ቀን ዘመነ ጽጌ ትለዋለች፤ ማኅሌተ ጽጌ የሚቆመውም በእነዚህ ሳምንታት ነው። ለወፍና ለአበባ ተመልካች ከሦስቱ ስሞች ይበልጥ የሚስማማው ይኸኛው የመጨረሻው ነው፤ አበባው ራሱ ስሙን ሰጥቶታልና።

ጊዜውን መምረጥ

ወቅቱ እንዲህ የሚደምቀው በምክንያት ነው። ከሰኔ ጀምሮ የወረደው ዝናብ አፈሩን አጥግቦታል፤ ደመናው ግን ፀሐይ ከልክሎ ይቆያል። መስከረም ላይ ሰማዩ ሲገለጥ እርጥብ አፈርና ሙሉ ፀሐይ በአንድ ጊዜ ይገናኛሉ፤ ሜዳው በሳምንት ውስጥ ቢጫ ይለብሳል። ሣሩ ቁመቱን ጨርሶ ማፍራት ስለሚጀምር እህል በል ወፎች ለጎጆ መሸሸጊያ፣ ለጫጩት ምግብ ያገኛሉ። በእነዚሁ ሳምንታት ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን የሸሹ መንገደኛ ወፎች ይገባሉ። ነዋሪው ወፍ ባማረ ላባው፣ እንግዳው ወፍ በብዛቱ፣ አበባው በሙላቱ የሚታይበት ሌላ ወቅት የለም።

ሁለት ጊዜ መውጣት የሚችል ሰው አንዱን መስቀል አካባቢ፣ ሌላውን በጥቅምት አጋማሽ ቢያደርገው ሁለት የተለያዩ ዓለሞችን ያያል። የመጀመሪያው ለሜዳው፣ ለአደይና ለመስቀል ወፍ ነው። ሁለተኛው ለጫካው ነው፤ ጭቃው ደርቆ መንገዱ ይቀናል፣ እንግዶቹ ወፎችም ገብተው አልቀዋል። አንድ ጊዜ ብቻ መውጣት የሚችል ግን ከመስቀል በኋላ ያለውን ሁለተኛ ሳምንት ቢመርጥ አይጸጸትም፤ ከሁለቱም ይደርሰዋል።

ከቀኑ ይልቅ ሰዓቱ ይበልጥ ወሳኝ ነው። ወፍ የጧት ፍጡር ነው፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ይዘምራል፣ ይመገባል፣ ይታያል። ከዚያ በኋላ ጫካው ጸጥ ይላል፤ ዳግመኛ የሚነቃው ከቀኑ 10 ሰዓት ወዲህ ነው። በመስከረም መጀመሪያ ሳምንታት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሊመጣ ስለሚችል ጧቱን መጠቀም ይበልጥ ያዋጣል። አበባ የትም አይሄድምና ለመልሱ ጉዞ ይተዋል። አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ደንብ ይወጣል፤ የውሃ አንቁር። ይህ በየቦዩና በየአጥሩ ሥር የሚበቅል ሰማያዊ አበባ ጧት ተከፍቶ እኩለ ቀን ሳይሞላ የሚጠወልግ ስለሆነ ከወፎቹ ጋር አብሮ መታየት አለበት።

ቦታውን መምረጥ

ለምለም የሆነ ሁሉ ጫካ አይደለም። አዲስ አበባን የከበበው ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ስሙም ይህንኑ ይናገራል። ከሥሩ ብዙ ነገር አይበቅልም፤ ወፉም ጥቂት ነው። እንጦጦ የሚወጣ ተመልካች በባሕር ዛፉ መካከል ሰዓቱን ከሚያባክን ጽድ፣ ወይራና ቀጋ የተረፉበትን ሸለቆና የዛፉን ጠርዝ ቢፈልግ ይሻለዋል። ጠርዝ የሚለው ቃል ሊታሰብበት ይገባል። ብዙ ወፍና ብዙ አበባ የሚገኘው በጥቅጥቅ ደን መሐል ሳይሆን ደንና ሜዳ፣ ደንና ወንዝ በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው።

በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ያለው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል 700 ሄክታር ገደማ ስፋት ያለውና አገር በቀል ዕፅዋት የሚሰበሰቡበት በመሆኑ ለጀማሪ ይመቻል። የዛፍ ስም ለመማር የሚፈልግ ከዚህ ቢጀምር መልካም ነው። ሙሉ ቀን ያለው ደግሞ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወደ መናገሻ ሱባ ደን ይሂድ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት የሚነገርለት ይህ ደን ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በወጨጫ ተራራ ወገብ ላይ ተዘርግቷል። ታች ጽድ፣ ወይራና ዝግባ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከዚያም በላይ አምጃና አስታ ይገኛሉ። እየወጡ ሲሄዱ አበባውም ወፉም ስለሚለዋወጥ የግማሽ ቀን ሽቅብ ጉዞ የሦስት ቦታ ጉብኝት ያህል ነው። የዘሩ መነሻ የተባለው ወፍ ዋሻ ራሱ በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ሲናና በአንኮበር መካከል ባለው ገደል ላይ የቆመ ጥንታዊ ደን ነው፤ ስሙም ለወፍ ተመልካች ግብዣ ይመስላል።

ከእነዚህ የራቀ ሰው ወደ ደብሩ ቢመለከት ይበቃዋል። በጎንደርና በጎጃም ብዙ ቦታ ዙሪያው ሁሉ ታርሶ አገር በቀል ደን የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ ነው። ጥቂት ጋሻ መሬት የማይሞላ ቅጥር ውስጥ ያለው የወፍ ዝማሬ በዙሪያው ካለው ሰፊ እርሻ ይበልጣል።

የሚያስፈልግ ዕቃ

ያለ መነጽር ወፍ ማየት ይቻላል፤ መለየት ግን ያስቸግራል። ባይኖኩላር ሲገዛ በላዩ የተጻፉት ሁለት ቁጥሮች ይታያሉ። 8×42 ማለት 8 ጊዜ ያቀርባል፣ የፊት መስተዋቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ከ8 በላይ የሚያቀርብ መነጽር ለጫካ አይመችም፤ የእጅ መንቀጥቀጥን አብሮ ያጎላል፣ የሚያሳየውም ቦታ ይጠባል። የፊት መስተዋቱ ሰፋ ያለው ደግሞ በማለዳ ድንግዝግዝታና በዛፍ ጥላ ሥር ብርሃን ያስገባል።

አዲስ መነጽር ለዓይን ሳይስተካከል ወደ ጫካ መሄድ የለበትም። መጀመሪያ ቀኝ ዓይን ተጨፍኖ በመሐሉ መዘውር የግራ ዓይን ይጠራል። ቀጥሎ ግራ ዓይን ተጨፍኖ በቀኙ ማያ ላይ ባለው ቀለበት የቀኙ ይጠራል። ቀለበቱ ከዚያ በኋላ አይነካም፤ ለርቀት መለዋወጥ መዘውሩ ብቻ ይበቃል። ብዙ ጀማሪዎች «መነጽሩ አያሳይም» ብለው የሚያስቀምጡት ይህችን ሁለት ደቂቃ ስለሚሰስቱ ነው። ወፍ ሲታይም ዓይን ከወፉ ሳይነሣ መነጽሩ ወደ ዓይን ይመጣል እንጂ ዓይን ወደ መነጽሩ አይጎነበስም። ቤት ደጃፍ ላይ በድንቢጥ መለማመድ ይቻላል።

ለአበባ 10 ጊዜ የሚያጎላ የእጅ ማጉያ በቂ ነው፤ መስተዋቱ ወደ ዓይን ተጠግቶ አበባው ወደ መስተዋቱ ይቀርባል። ልብሱ የአቧራ መልክ ያለው ወይም አረንጓዴ ይሁን፤ ነጭ ነጠላ ለበዓል እንጂ ለወፍ አይሆንም። ረጅም ሱሪ የግድ ነው፤ ሳማ በየጥሻው አለ፣ ጭጎጎትም ልብስ ላይ ተለጥፎ ቤት ድረስ ይከተላል። የጭቃ ቦቲ፣ የዝናብ ልብስ፣ ውሃና ኪስ ሙሉ ቆሎ ከተያዘ ስንቁ ሞልቷል።

መጽሐፍ ለሚፈልግ ናይጅል ሬድማን፣ ቴሪ ስቲቨንሰንና ጆን ፋንሾ በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የአፍሪካ ቀንድ ወፎች ሥዕላዊ መለያ አለ፤ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ሥዕሉ ቋንቋ አይጠይቅም። መርሊን የተባለው የስልክ መተግበሪያ ድምፅ ሰምቶ ስም ይጠቁማል። ጠቋሚነቱ ይጠቅማል፣ ዳኝነቱ ግን ለዓይን ቢተው ጥሩ ነው።

አካሄድ

ጀማሪ በኢትዮጵያ የተመዘገቡትን ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች አስቦ መደንገጥ አይገባውም። በመጀመሪያው ቀን አምስት ስድስት ወፍ በእርግጠኝነት መለየት ትልቅ ነገር ነው። ከሚታወቁት መነሣት ይቀላል፤ ርግብ፣ ዋኔ፣ ሳቢሳ፣ ቆቅ፣ ቁራ። ገና ሳይነጋ በጣሪያ ላይ እየጮኸ የሚያልፈው ጋጋኖ ለብዙ አዲስ አበቤ በድምፁ እንጂ በመልኩ አይታወቅም፤ ረጅም ጎባጣ ምንቃር፣ ከአገጩ የተንጠለጠለች ቀጭን ቆዳ፣ በክንፉ ላይ ነጭ ምልክት አለው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አይገኝም። በየቄራው የሚንጎራደደው ትልቁ ቁራም ከማጅራቱ ነጭ ምልክትና ከከባድ ምንቃሩ የተነሣ ከሌላ አይምታታም።

በጫካ ውስጥ ከዓይን ጆሮ ይቀድማል። ጥቂት እርምጃ ተራምዶ መቆም፣ መስማት፣ እንደገና መራመድ ያስፈልጋል። የመዶሻ ምት የመሰለ ድምፅ ከግንድ ላይ ሲመጣ ግንደ ቆርቁር ነው። ከጽድ አናት ላይ ቀጭን የጩኸት መንጋ ሽው ብሎ ቢያልፍ ክንፈ ጥቁሩ ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን ይሆናል፤ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው። ከበድ ያለ፣ ከጉሮሮ የሚወጣ ጩኸት ተሰምቶ አረንጓዴ ወፍ በቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽኮኮ ሲሮጥ ከታየ ጉንጨ ነጩ ቱራኮ ነው። ሲበር የሚገለጠው የክንፉ ደማቅ ቀይ መዳብ ካለበት ቀለም የተሠራ ነው፤ ይህ ከቱራኮ ወገን ውጭ በሌሎች ወፎች ዘንድ የማይታይ ነገር ነው። ራሱ ጥቁር፣ ሰውነቱ ቢጫ የሆነው ኦሪዮል በዋሽንት ድምፁ ይጠራል። ግራጫ፣ ግንባሯ ነጣ ያለ፣ ከጅራቷ ሥር ጠይም ቀይ የሆነች ወፍ ከጥሻ ውስጥ ከዘመረች ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማትገኝ ናትና ቆም ብሎ ማዳመጥ ይገባል።

ብዙ ከመጓዝ ይልቅ ጥሩ ቦታ መርጦ መቀመጥ ያዋጣል። ያፈራ ሾላ ወይም ፍሬው የበሰለ ጽድ ከተገኘ ከሥሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ሦስት ኪሎ ሜትር ከመሄድ ይበልጣል፤ ወፎቹ ራሳቸው ይመጣሉ። ጫካው ለረጅም ጊዜ ጭር ብሎ በድንገት በአንድ ዛፍ ላይ አምስት ዓይነት ወፍ ሊሞላ ይችላል። ትንንሽ ነፍሳት በል ወፎች ተደባልቀው አብረው ስለሚያድኑ ነው። እንዲህ ያለ መንጋ ሲገኝ ሌላው ሁሉ ተትቶ እርሱን መከተል ይገባል፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያልፋል።

የመስቀል ወፍ

በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ዘመድ «እንደ መስቀል ወፍ» ይባላል። ተረቱ ለሰው ይስማማ ይሆናል፤ ወፉን ግን ያማዋል። የመስቀል ወፍ አይሄድም። ስሙ ለአንድ ዓይነት ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ እንደየቦታው በሣር ውስጥ ለሚኖሩ፣ ወንዶቻቸው በዝናቡ ወራት የሠርግ ልብስ ለሚለብሱ በርከት ላሉ ትንንሽ ወፎች ይውላል። በደጋው ሜዳ ጥቁር ሆኖ ትከሻውና ወገቡ ቢጫ የሆነው፣ በቆላና በወይና ደጋ ማሽላ መካከል እንደ ፍም የሚቀላው፣ በከተማ አጥር ላይ ረጅም ጥቁር ጅራቱን የሚያወናጭፈው ሁሉ የመስቀል ወፍ ይባላሉ። ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ ቡናማና ዝንጉርጉር ናቸው፤ ወንዶቹም ከወቅቱ ውጭ ከሞላ ጎደል እንደዚያው ስለሚሆኑ ከድንቢጥ ጋር ተቀላቅለው ሲያልፉ የሚያስተውላቸው የለም።

እነርሱን ለማየት ጫካ መግባት አያሻም። ከወገብ በላይ የደረሰ ሣር፣ የገብስ ወይም የስንዴ ማሳ ጠርዝ፣ ረግረግ ያለበት መስክ ይፈለጋል። ቢጫና ጥቁሩ ወንድ ላባውን ነፍቶ፣ እንደ ትልቅ ንብ ቀስ እያለ እያንዣበበ በግዛቱ ላይ ይዞራል። የጎጆውን ቅርጽ እርሱ በሣር ይጎነጉናል፤ የውስጡን ምንጣፍና ጫጩት ማሳደጉን ለሴቷ ትቶ ሌላ ሚስት ፍለጋ ይሄዳል። ጅራተ ረጅሙ ደግሞ ጎጆ የሚባል ነገር አያውቅም። ሰውነቱ ከጣት ብዙ የማይበልጥ፣ ጅራቱ ግን 20 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ምንቃሩ ቀይ የሆነ ወፍ ነው፤ ሴቷ እንቁላሏን በሌሎች ጥቃቅን እህል በል ወፎች ጎጆ ትጥልና አሳዳጊዎቹ ከራሳቸው ጋር አብረው ያሳድጉላታል።

አበባውን መለየት

በመስከረም ቢጫ ሁሉ አደይ ይመስላል። አደይን ለመለየት ወደ አበባው ሳይሆን ወደ ቅጠሉ መመልከት ይቀላል። የአደይ ቅጠል እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ ነው፤ በየማሳው ዳር የሚያብበው መጭና የእርሻው ኑግ ግን ያልተከፋፈለ፣ ግንዱን አቅፎ የሚቆም ቅጠል አላቸው። ሦስቱም እንደ ሱፍ የአንድ ወገን ናቸው። ማጉያው ሲቀርብ አንድ የመሰለው አበባ አንድ አለመሆኑ ይገለጣል፤ መሐሉ ላይ የታጨቁት ቢጫ ነጥቦች እያንዳንዳቸው ሙሉ አበባ ናቸው፣ በዙሪያው ያሉት «ቅጠሎች»ም እንደዚሁ። ይህን በማጉያ ያየ ሰው አደይን እንደ ቀድሞው አያልፋትም።

ጫካው ውስጥ ቢጫው ያልቅና ነጭ ይጀምራል። ቀጋ ነጭ አበባውን በየጠርዙ ይዘረጋል፤ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅለው ጽጌረዳ እርሱ ነው። ጥላና ውሃ ባለበት ወንዝ ዳር ደግሞ እንሶስላ ይፈለጋል። ሥሯ ተወቅጦ የሴቶችን እጅና እግር ለሠርግና ለበዓል የሚያቀላው ይህች ተክል በአበባዋ ብዙም አትታወቅም፤ ይህ በእርግጥ ያሳዝናል። አበባዋ ሰፊና ነጭ ነው፣ ጉሮሮዋ ሐምራዊ ምልክት አለበት፣ ከኋላዋ ከጣት የሚረዝም ቀጭን ቱቦ ይንጠለጠላል። ማሩ ያለው በዚያ ቱቦ ጫፍ ላይ ስለሆነ የሚደርስበት ረጅም ምላስ ያለው ትልቅ የእሳት እራት ነው። ለዚህም ነው ነጭ የሆነችውና መዓዛዋ ሲመሽ የሚበረታው። የበሰለው ፍሬዋ በጣት ሲነካ ፈንድቶ ዘሩን ይበትናል፤ ልጆች አብረው ካሉ ከቀኑ ሁሉ የማይረሱት ይህንን ይሆናል።

ወፍና አበባ የሚገናኙበትን ለማየት የራስ ክምርን ወይም የዝንጀሮ አገዳን መጠበቅ ይበቃል። ሁለቱም ብርቱካናማ አበባቸውን በረጅም አገዳ ላይ ያቆማሉ። ጎባጣ ምንቃር ያላቸው ማር መጣጭ ወፎች ከአገዳ አገዳ ይዘላሉ፤ ከሩቅ ጥቁር የሚመስለው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊና ነሐስ የሚሆነው የተከዜ ወንዝ ስም የተሰጠው ነው። ወፉን ማሳደድ ከንቱ ድካም ነው። አበባው አጠገብ አምስት ሜትር ርቆ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ወፉ ተመልሶ ሲመጣ በግንባሩ ላይ የተለጠፈውን ብናኝ ሳይቀር ያያል።

ማስታወሻና ጥንቃቄ

ደብተር ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ከፍታውና ወፉ ምን ላይ ሆኖ ምን ያደርግ እንደነበር ይጻፋል፤ ስሙ ባይታወቅ እንኳ መጠኑ ከድንቢጥ ወይም ከርግብ ጋር ተነጻጽሮ ይመዘገባል። መዝገቡን ኢበርድ በተባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ለማስገባት የሚፈልግ ቀኑን ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲቀይር መስከረም 1 በአራት ዓመት አንዴ ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 እንደሚያልፍ አይዘንጋ። ከሌሎች ጋር መውጣት የሚፈልግም በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውን የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን መጠየቅ ይችላል።

ጎጆ ከተገኘ ከሩቅ ታይቶ ይታለፋል፤ በዙሪያው የተረጋገጠ ሣር ለጭልፊትና ለድመት መንገድ ጠራጊ ነው። የተቀዳ ድምፅ እያሰሙ ወፍ መጥራት በጎጆ ወቅት ወንዱን ከሥራው ያስተጓጉላል። እረኞች የጎጆውን ቦታ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ስለ ወፍ መጠየቅና ማመስገን ደስ ያሰኛቸዋል፣ ለጫጩት ግን ገንዘብ መክፈል ነገ ጎጆ እንዲበረበር ማዘዝ ነው። ለእንቁጣጣሽ ጥቂት አደይ መቅጠፍ የቆየ ወግ ነው፤ ከነሥሩ መንቀል ግን ሌላ ነገር ነው፣ ዘሩ ሳይበስል የተነቀለ አደይ ለሚቀጥለው ዓመት አይተርፍምና። የደብር ቅጥር ውስጥ ለመግባት ካህናቱ ይጠየቃሉ፣ ቅዳሴው እስኪያልቅም ይጠበቃል። መነጽር ወደ ሰው ቤት፣ ወደ ካምፕ ወይም ወደ ጥበቃ ቦታ አይዞርም፤ ብዙ የማያስፈልግ ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጫካ ብቻን አይገባም፣ ከመጨለሙም በፊት ይወጣል።

ወቅቱ ካለፈ በኋላ አንድ የመጨረሻ ጉዞ ይቀራል፤ ታኅሣሥ ላይ፣ አጨዳው ወዳለቀበት ደጋ ማሳ። ገለባው ላይ ቡናማ ጥቃቅን ወፎች በመንጋ ይለቅማሉ። ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል። መንጋው ሲነሣ ከቡናማዎቹ መካከል የአንዳንዱ ወገብና ትከሻ ቢጫ ሆኖ ብልጭ ይላል፤ ቢጫና ጥቁሩ ወንድ የሠርግ ልብሱን ቢያወልቅም ያችን ቢጫ አይጥላትም።